የሚናገር መጽሐፍ



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳላችሁ ስለ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በዓይን ስለሚነበበው ሳይሆን በጆሮ ስለሚሰማው መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የደረሱት «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ሲተረክ የሰማ ሰው፣ ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ ዓይኑ ፊደሉን ይከተላል እንጂ በጆሮው የሚያቃጭለው ያ ድምፅ ነው። ፊደል ያልቈጠሩ አባቶችና እናቶችም በዚያ ድምፅ ምክንያት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች ዐውቀዋቸዋል። እንግዲህ ድምፅ መጽሐፍን ምን ያህል እንደሚያገለግል ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከዚህ ጥቂት ራቅ ያለ ነው። ይኸውም አይሁድ ስለ ኑሯቸው፣ ስለ ታሪካቸውና ስለ ማንነታቸው የተጻፉትን መጻሕፍት በድምፅ እየቀረጹ ለትውልድ ለማስተላለፍ ያደረጉት ጥረት ነው። ይህን ሕዝብ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በልማድ የመጽሐፍ ሕዝብ ተብሎ ይጠራል፤ ነገሩ ሲመረመር ግን መጽሐፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሕዝብ ቢባል ይበልጥ ይስማማዋል። ደግሞም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሳለ አንባቢው ያለቀበት ሕዝብ ነው። ስለዚህ ለሌላው የጊዜ ማሳለፊያ የሆነው የድምፅ መጽሐፍ ለእርሱ ከሚቃጠል ቤት ውስጥ ዕቃ እንደ ማውጣት ያለ ሥራ ሆኖበታል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአይሁድ ምኵራብ የሚነበበው የኦሪት መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ጥቅል ነው። በዚህ ጥቅል ላይ አናባቢ አይጻፍም፤ የዜማ ምልክት አይደረግም፤ ዐረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያሳይ ነጥብም የለም። አናባቢውንና የዜማውን ምልክት እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በጥብርያዶስ ከተማ የነበሩ ሊቃውንት አዘጋጅተው በጥራዝ መልክ በሚሠራው መጽሐፍ ላይ አኑረውታል፤ በምኵራቡ ጥቅል ላይ ግን አልገባም። እንግዲህ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጧት በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚያነበው ሰው አነባበቡንም ዜማውንም አስቀድሞ በቃሉ ማጥናት ግዴታው ነው። አንዲቱን ቃል ቢያሳስት አጠገቡ የቆሙት ያርሙታል፤ እርሱም መልሶ ያነባታል። ከመምህሩ አፍ ዜማ የተቀበለ የሀገራችን የቆሎ ተማሪ ይህን ያለ ብዙ ሐተታ ይረዳዋል፤ ምልክቱ ያስታውሳል እንጂ አያስተምርምና።

ከዚህም ሌላ ምስክር አለ። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሚሽና የተባለው የሕግ ስብስብ በይሁዳ ሃናሲ አማካይነት ተደራጅቶ ሲያበቃ፣ በየጉባኤ ቤቱ ቃሉን ሳያዛንፉ በአእምሯቸው የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። መምህራኑ አንዱን ክፍል ለመመርመር በፈለጉ ጊዜ ሰውየውን አስጠርተው ያስነበንቡት ነበር። ሰውየው ራሱ መጽሐፍ ነበር ማለት ነው። የድምፅ መጽሐፍ ዛሬ በኪስ ይያዛል፤ ያን ጊዜ ግን በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር።

አሁን ደግሞ የነገራችን ዋና ጉዳይ ወደ ሆነው ወደ ይዲሽ ቋንቋ እንለፍ። ይዲሽ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በራይን ወንዝ አካባቢ በሚኖሩ አይሁድ መካከል የተወለደ ቋንቋ ነው። ግንዱ ጀርመንኛ ነው፤ ከዕብራይስጥና ከአራማይስጥ፣ በኋላም ከስላቭ ቋንቋዎች ብዙ ቃል ተቀብሏል፤ የሚጻፈውም በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ዕብራይስጥ የጸሎትና የሕግ ቋንቋ ሆኖ ሲኖር፣ ይዲሽ የገበያው፣ የማእድ ቤቱ፣ የእናትና የልጅ ቋንቋ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይናገሩት እንደ ነበር ይገመታል።

የዚህ ቋንቋ ደራሲዎች መጽሐፍ ለጆሮ ጭምር እንደሚጻፍ ዐውቀው ይጽፉ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ሾሌም አሌይኼም በ1859 በዛሬይቱ ዩክሬን ተወልዶ በ1916 በኒው ዮርክ ያረፈ ነው፤ የወተት ሻጩን የቴቪየን ታሪክ የጻፈው እርሱ ነው። ይህ ደራሲ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ድርሰቶቹን በአዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ ያነብ ነበር። በ1908 በሩስያ ግዛት ውስጥ እንዲህ ሲዞር ባራኖቪቺ በተባለች ከተማ በሳንባ በሽታ ወድቆ ለረዥም ጊዜ ታሞ ኖሯል። ሲሞትም በኑዛዜው እንግዳ ነገር አዘዘ። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ቤተ ሰቦቹና ወዳጆቹ ተሰብስበው ከታሪኮቹ መካከል እጅግ የሚያስቀውን መርጠው፣ በሚገባቸው ቋንቋ ድምፃቸውን አሰምተው እንዲያነቡ ተናዘዘ። ስሙ በሳቅ እንዲታወስ፣ ያለዚያ ግን ፈጽሞ ባይታወስ እንደሚመርጥ ገለጠ። ዘመዶቹና ወዳጆቹ ይህን ኑዛዜ በኒው ዮርክ ከ100 ዓመት በላይ ጠብቀውታል። ለሟች ተዝካር መጽሐፍ ማንበብ፣ ያውም የሚያስቅ መጽሐፍ ማንበብ፣ ለእኛ እንግዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን ደራሲ የሚኖረው በአንባቢው አፍ መሆኑን ሰውየው በሚገባ ተረድቶት ነበር።

በዚያው ዘመን መሣሪያው መጣ። አንስኪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ ከ1912 እስከ 1914 ድረስ ከባልደረቦቹ ጋር ቮሊኒያና ፖዶሊያ በሚባሉት፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በሚገኙት አውራጃዎች እየተዘዋወረ የአይሁድን ተረት፣ ዜማና ልማድ ሰበሰበ። ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ከተማና ወደ አሜሪካ ሲፈልስ፣ ሽማግሌው ሲሞት አየና ነገሩ አሳሰበው። ኤዲሰን የፈለሰፈውን ፎኖግራፍ ይዞ 500 ያህል የሰም ቀለበቶች ላይ ድምፅ ቀረጸ። በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ሥራው ተቋረጠ። እነዚያ ቀለበቶች ሌሎች ሊቃውንት እስከ 1947 ድረስ ከጨመሩባቸው ጋር ከ1,000 በላይ ሆነው በኪየቭ በሚገኘው የዩክሬን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል፤ ዩኔስኮም በ2005 በዓለም የመታሰቢያ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሰም እጅግ ደካማ ነገር ነው፤ በተሰማ ቍጥር እየተፋቀ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ደካማ ሰም ድምፁን ከሰጡት ከብዙዎቹ መንደሮች ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

መንደሮቹ የጠፉበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ1939 እስከ 1945 በነበረው ጦርነት የናዚ ጀርመን መንግሥትና ግብረ አበሮቹ 6 ሚሊዮን አይሁድ ገደሉ። ከእነዚህ የሚበዙት ይዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። በዋርሶ ከተማ በግንብ ታጥረው የተዘጋባቸው አይሁድ፣ በታሪክ ጸሓፊው በኢማኑኤል ሪንገልብሉም መሪነት ያዩትንና የደረሰባቸውን ሁሉ በወረቀት ጽፈው በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ዕቃ ውስጥ አድርገው በምድር ቀበሩት። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደለ። የሣጥኖቹ ወገን በመስከረም 1946፣ የወተት ዕቃዎቹ ደግሞ በታኅሣሥ 1950 ከፍርስራሹ ሥር ተገኙ። ወረቀቱ ወጣ፤ የጻፉት ሰዎች ድምፅ ግን ከእነርሱ ጋር ቀረ።

በዚያው በ1946 ዓመት፣ የዋርሶው ወረቀት ከምድር ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዴቪድ ቦደር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ከቺካጎ ተነሥቶ ፓሪስ ገባ። ይህ ሰው በ1886 በላትቪያ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን ብዙ ቋንቋዎች ያውቅ ነበር። ይዞት የመጣው መሣሪያ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ ነበር። በፈረንሳይ፣ በስዊስ፣ በኢጣልያና በጀርመን እየተዘዋወረ ከሞት የተረፉትን ሰዎች፣ እያንዳንዱን በሚቀናው ቋንቋ፣ እንዲናገር አደረገ። 130 ያህል ሰዎችን አነጋግሮ 90 ሰዓት ገደማ የሚሆን ድምፅ በ200 የሽቦ ጥቅሎች ይዞ ተመለሰ። ቀረጻዎቹን እየሰማ መተርጐምና መጻፍ እስከ 1957 ድረስ ፈጅቶበታል። በ1949 ካወጣው መጽሐፍ ስም እንደምንረዳው፣ ሙታንን ማነጋገር እንዳልቻለ ሲያስብ ይኖር ነበር። እርሱ ያነጋገረው የተረፉትን ነውና፣ የከፋውን ነገር የሚያውቁት ግን ያልተረፉት ናቸውና።

ከዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ነገር ለየት አድርገን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ቦደር በፓሪስ አጠገብ ኤኖንቪል በተባለ ስፍራ ከነበሩት ስደተኞች መዝሙር ቀርጾ ነበር፤ ጥቅሉ ግን የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ። ከ70 ዓመት በኋላ ኦሃዮ በሚገኘው በአክሮን ዩኒቨርሲቲ፣ የስፍራው ስም በስሕተት በተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ተገኘ። ሲገኝም ወዲያው ሊሰማ አልቻለም፤ ሽቦውን የሚያጫውተው መሣሪያ ከዓለም ገበያ ጠፍቶ ነበርና። ባለሙያዎቹ ዕቃ እያፈላለጉ መሣሪያውን እንደገና ከሠሩ በኋላ በ2017 መዝሙሩ ተሰማ። አድማጮቻችን፣ ይህን በልቡናችሁ ያዙልን፤ በስተመጨረሻው እንመለስበታለንና።

እስካሁን የተናገርነው ተራኪው ስለ ራሱ ሕይወት ስለሚናገርበት ድምፅ ነው። የታተመውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ መቅረጽ የተጀመረው ደግሞ ለዓይነ ስውራን ተብሎ ነው። በአሜሪካ በ1931 ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት እንዲዘጋጁ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ፤ በ1934 የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪ መጻሕፍት በሸክላ ተቀረጹ። የሸክላው አንዱ ፊት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ያነባል፤ ስለዚህ አንድ ልብ ወለድ ለመስማት ሸክላ ተከምሮ ይጠብቅ ነበር። በዚያው በ1931 በኒው ዮርክ የአሜሪካ የአይሁድ የብሬይል ተቋም ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ራቢ ማይክል አሮንሶን በ1918 በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ዓይኑን ያጣ ወታደር ነበር። ተቋሙ በመጀመሪያ በእጅ የሚዳሰሰውን የዕብራይስጥ ፊደል እንዲደራጅ ረዳ፤ በኋላም የጸሎት፣ የታሪክና የልብ ወለድ መጻሕፍትን በልዩ ልዩ ቋንቋ እያስነበበ በነጻ ማዋስ ጀመረ። በእስራኤልም በናታንያ ከተማ የሚገኘው የዓይነ ስውራን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ በዕብራይስጥ ይሠራል። ዛሬ ማንም ሰው በመንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ በስልኩ የሚሰማው መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። የማያዩ ሰዎች ለሚያዩት ያወረሱት ስጦታ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ካናዳ እንሻገር። በሞንትሪያል ከተማ በ1914 የተቋቋመ የአይሁድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከጦርነቱ የተረፉ ብዙ ይዲሽ ተናጋሪዎች በዚያች ከተማ ሰፍረው ነበርና ቤተ መጻሕፍቱ የእነርሱ መሰብሰቢያ ሆነ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ይዲሽን ከእናታቸው አፍ የተማሩ ፈቃደኛ ሰዎች፣ መምህራንም ተዋንያንም፣ በዚያ ቤት ማይክሮፎን ፊት እየተቀመጡ መጻሕፍቱን ሳያሳጥሩ በካሴት አነበቡ። ክፍያ አልነበራቸውም። ልብ ወለድ፣ አጫጭር ታሪክ፣ የሕይወት ትዝታና ድርሰት እየመረጡ 150 ያህል መጻሕፍት አነበቡ። በመጀመሪያ የታሰበው ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ማጽናኛ እንዲሆን ነበር ቢባል ማንም አይደነቅም፤ ዛሬ ግን ከአረጋውያኑ ይልቅ የሚጠቀሙበት ቋንቋውን ከመጽሐፍ የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው የይዲሽ መጻሕፍት ማዕከል ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ ማንም በነጻ እንዲሰማቸው አድርጓል። ይህን ማዕከል አሮን ላንስኪ የተባለ ተማሪ በ1980 ሲመሠርተው፣ ሊቃውንቱ በዓለም ላይ የቀረው የይዲሽ መጽሐፍ 70,000 ብቻ ነው ብለውት ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ግን ከየሰገነቱና ከየምድር ቤቱ፣ ከሚጣለውም ክምር ጭምር እየለቀሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰበሰቡ። እንግዲህ አንድ ሚሊዮን መጽሐፍ ተገኘ፤ በሞንትሪያል በድምፅ የተቀረጸው ግን 150 ያህል ነው። ወረቀት ከተጣለበት ይነሣል፤ አንባቢው አንድ ጊዜ ካረፈ ግን አይነሣም።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ «መጽሐፉ በፊደል ካለ ድምፁ ለምን አስፈለገ? ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከራሳችን ቋንቋ እንጀምራለን። «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለታችን ይሁን ወይም ይገኛል ማለታችን ይሁን ፊደሉ አይለይም። «ዋና» ስንልም አለቃን ይሁን በውሃ ላይ መንሳፈፍን ይሁን ፊደሉ ዝም ይላል። የሚለየው ማጥበቅና ማላላት ነው፤ ማጥበቅና ማላላት ደግሞ የሚኖረው በአፍ እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም። እኛ ቋንቋውን ስለምናውቅ ችግሩ አይሰማንም። ነገር ግን አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ጠፍቶ መጽሐፉ ብቻ ቢቀር፣ ከ100 ዓመት በኋላ የሚነሣው ተማሪ ምን ይውጠው ነበር?

ይዲሽም እንደዚሁ ነው። መልካም የሚለውን ቃል የሊትዌንያ አይሁድ «ጉት» ሲሉት የፖላንድ አይሁድ «ጊት» ይሉታል፤ ዳቦን የፖላንዶቹ «ብሮይት»፣ የሊትዌንያዎቹ «ብሬይት» ይሉታል። በጽሑፍ ግን ሁሉም በአንድ ዐይነት ፊደል ይጽፉታል። ከዕብራይስጥ የመጡት ቃላት ደግሞ ያለ አናባቢ እንደ ጥንቱ ስለሚጻፉ፣ ከሰው አፍ ያልሰማቸው ተማሪ እንዴት እንደሚነበቡ ሊያውቅ አይችልም። በሞንትሪያል ያነበበችው ሴት ግን ሁለት ገጽ ሳታነብ ሀገሯ ይታወቃል። የሸዋ፣ የጎጃም፣ የወሎና የጎንደር ሰው ባነጋገሩ እንደሚለይ፣ እርስዋም ከየትኛው ወገን እንደ መጣች በአንደበቷ ትመሰክራለች። ያች ሀገሯ ዛሬ በካርታ ላይ ስሟ ቢኖር አይሁዶቿ የሉም። ሴትየዋ ስታነብ ግን የመንደሯ ሰዎች ሁሉ በጉሮሮዋ ውስጥ አሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ይገባናል። በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር ራሱ የሰው ድምፅ የሚመስል ድምፅ አበጅቶ ማንኛውንም መጽሐፍ ያነባል። ለዓይነ ስውሩና ለተጣደፈው ሰው ታላቅ አገልግሎት ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ያ ድምፅ የማንም ሀገር ልጅ አይደለም፤ የት ላይ መተንፈስ እንዳለበት ያውቃል እንጂ የት ላይ እንደሚያለቅስ አያውቅም።

የአይሁድ ሊቃውንትም ቢሆኑ ለመሣሪያው ልክ አበጅተውለታል። ሕጉን አጥብቀው የሚጠብቁት በሰንበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ አይነኩም፤ ስለዚህ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ የድምፅ መጽሐፍ ዝም ይላል፤ በገበታው ዙሪያ የሚሰማው አባት ለልጁ የሚያነበው ብቻ ነው። በምኵራብም የኦሪትን ንባብ ከመሣሪያ መስማት፣ ቆሞ ከሚያነብ ሰው እንደ መስማት ተደርጎ አይቈጠርም። መሣሪያው ያስተምራል፤ ሰውን ግን አይተካም ማለታቸው ነው።

ይህ ጉዳይ በቀጥታ ሀገራችንን የሚነካበት በርም አለው። ቤተ እስራኤል ተብለው የሚጠሩት ወገኖች በጎንደርና በትግራይ አካባቢ ሲኖሩ ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ ኖረዋል። ጸሎታቸውም በግእዝ ሲሆን በመካከሉ የአገውኛ ቃል ይገኝበታል፤ ቄሶቻቸው ዜማውን ያለ ምልክት ከአፍ ወደ ጆሮ ሲቀባበሉት ቆይተዋል። በ1973 ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ መቅረጫ ይዛ ወደ ጎንደር መጥታ ይህን ጸሎት ቀረጸች፤ ጥናቷንም በ1986 በመጽሐፍ አወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ1984 እና በ1985 ብዙዎች በሱዳን በኩል አልፈው፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በዚያ የተወለደው ልጅ የሚናገረው ዕብራይስጥ ነው፤ አያቱ ግን አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራሉ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማእድ ተቀምጠው ሳለ በመካከላቸው አስተርጓሚ የሚያስፈልግበት ቤት ብዙ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ የአያትዮው ድምፅ ተቀርጾ ቢቀመጥ፣ ልጁ ዛሬ ባይገባው ነገ ሲያድግ ይፈልገዋል። የሞንትሪያል ካሴት ያስተማረን ይህንኑ ነው። ድምፁ ሲቀረጽ የሚሰማው ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

የድምፅ መጽሐፍ መስማት የምትወዱ አድማጮችም ስለ አይሁድ ሕይወትና ታሪክ የተጻፈ ነገር ስትመርጡ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እንመክራለን። አንደኛ፣ መጽሐፉ ሙሉ ነው ወይስ ያጠረ ነው? ሁለተኛ፣ በመጀመሪያ የተጻፈው በየትኛው ቋንቋ ነው? ለምሳሌ ኤሊ ቪዘል ስለ ሞት ሰፈሩ የጻፈው ትዝታ በ1956 በቦነስ አይረስ የወጣው በይዲሽ ነበር፤ ዓለም ያወቀው ግን በ1958 በፓሪስ በፈረንሳይኛ አጥሮ ከወጣው ነው፤ ሁለቱ መጻሕፍት በመጠንም በአነጋገርም ይለያያሉ። ሦስተኛ፣ የሚያነበው ማን ነው? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኛ ግን እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ እርሱ ነው።

ንግግራችንን ከመደምደማችን በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር ታጋሽነታችሁን እለምናለሁ። እኔ የሰውን ድምፅ መቅረጽ እንጀራዬ የሆነ ሰው ነኝ። የገበሬውንም የሹሙንም የባለ ሙያውንም ድምፅ ስቀርጽ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሴት አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ተረቱን፣ የዘር ሐረጉን፣ በልቅሶ ጊዜ የሚባለውን ሙሾ ሁሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር። መቅረጫውን ይዤ እመጣለሁ እያልኩ ፋሲካ ለገና፣ ገና ለፋሲካ ሳስተላልፍ አረፉ። ፎቶግራፋቸው በግድግዳችን ላይ አለ፤ ድምፃቸው ግን የለም። ልጆቼ «እንዴት ነበር የሚናገሩት?» ብለው ሲጠይቁኝ አስመስዬ ለመናገር እሞክራለሁ፤ የሚሰማው ግን የእኔው የሬዲዮ ድምፅ ነው። የሞንትሪያሎቹን ሰዎች ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ ያፈርኩት ስለዚህ ነው። እነርሱ የሚወዱት ዓለም ተቃጥሎባቸው እንኳ ድምፁን አተረፉ፤ እኔ ግን ምንም ሳይቃጠልብኝ በቸልታ አጣሁት።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ መጽሐፍ የሚያነብ ዓይን ያላችሁ ለማያይ አንብቡለት። ሽማግሌ በቤታችሁ ያለ፣ ዛሬ ስልካችሁ ራሱ መቅረጫ ነውና አንድ ሰዓት ብቻ ስጧቸው። ስትቀርጹም ስማቸውን፣ የትውልድ መንደራቸውንና ቀኑን በትክክል ጽፋችሁ አስቀምጡ። የኤኖንቪሉ መዝሙር 70 ዓመት የጠፋው ስሙ በስሕተት ስለ ተጻፈ፣ ሲገኝም ዝም ያለው መሣሪያው ስለ ጠፋ መሆኑን አትርሱ። አንድ ቅጂ ብቻም አታስቀምጡ፤ መሣሪያው ሲያረጅ ወደ አዲሱ አዛውሩት።

ፊደል የሰውን ሐሳብ ይይዛል፤ ድምፅ ግን ሰውየውን ራሱን ይይዛል። የሰው ልጅ ሁለቱንም ለመያዝ የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰን ሳለ አንዱን ብንተወው የሚጠይቀን ትውልድ ይመጣል።